ሥራዬ ሄልሜት ማደል ብቻ ነው? ለአንዲት የከሰል ሳይት ሴፍቲ ኦፊሰር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። በማዕድን ምህንድስና ተመርቄ አንድ የድንጋይ ከሰል ሳይት ላይ ሴፍቲ ኦፊሰር ሆኜ ከተቀጠርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ቁፋሮው ላይ ላዩን ነው፤ በቅርቡ ግን ወደ ዋሻ እንገባለን እየተባለ ነው። የኔ ሥራ ሄልሜትና ጓንት ማደል፣ ስልጠና ወስደዋል ብሎ ማስፈረም፣ ፎቶ አንስቶ ሪፖርት ላይ መለጠፍ ሆኗል። ከቁፋሮው ገደል አናት ላይ ስንጥቅ አይቼ ብናገር ‹ዝናብ ሲያቆም ይታያል› ተባልኩ። እርስዎ ውጭ አገር በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት እንደሠሩ ሰምቻለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ፤ የደህንነት ባለሙያ አደጋ ያስቀራል? ወይስ አደጋ ሲመጣ ‹ባለሙያ ነበረን› ለማለት ነው የሚቀጥሩን?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሌላው ሁሉ ይቆይና በስንጥቁ እንጀምር። ስንጥቁ ዛሬም እዚያው ካለ፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ከገደሉ ሥር ያሉትን ሰዎችና ማሽኖች አስነሺ። የቀረውን ማታ ታነቢዋለሽ። ዝናብ እስኪያቆም የሚጠብቅ ስንጥቅ የለም። ገደል የሚናደው ብዙ ጊዜ በዝናቡ ወቅት ነው፤ ውኃው በስንጥቁ ይገባና ከኋላ ይገፋዋል። እንዴት እንደምትከታተዪው መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የደህንነት ባለሙያ አደጋ ያስቀራል? አዎ፣ ያስቀራል። ሥራ የማስቆም ሥልጣን ካለው ያስቀራል። ይህ ሥልጣን ከሌለው ግን አደጋውን ቀድሞ ያያል፣ ይጽፋል፣ ሰው ሲሞት ደግሞ አብሮ ያለቅሳል። ያን ዓይነት ልቅሶ አውቀዋለሁ።

እኔ 14 ዓመት አሜሪካ፣ በአፓላቺያ ተራሮች ሥር ባሉ የከሰል ማዕድኖች ውስጥ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ በአየር ማናፈሻ ክፍል ነበርኩ፤ በኋላ ፈታሽ ሆንኩ። ፈታሽ ማለት ፈረቃው ከመግባቱ በፊት ወደ ዋሻው ገብቶ፣ ዞሮ አይቶ፣ «ግቡ» ወይም «አትግቡ» የሚል ሰው ነው። የአንቺ ሥራ መሆን የነበረበትም እሱ ነው።

በዚያ አካባቢ የሠራ ሰው ሁሉ የማይረሳው አንድ ቀን አለ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 2010። በኛ አቆጣጠር መጋቢት 27 ቀን 2002፣ ሰኞ። በዚያ ዓመት የኛና የፈረንጆቹ ፋሲካ በአንድ ቀን ስለዋለ ዕለቱ ለሁላችንም የፋሲካ ማግስት ነበር። ቤት እንግዳ ነበረን፤ የትናንቱ ዶሮ ወጥ ገና አላለቀም። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ሞንትኮል በተባለ ቦታ፣ አፐር ቢግ ብራንች የሚባለው ማዕድን ፈነዳ። ባለቤቱ ማሴ ኢነርጂ ነበር። 29 ሰዎች ሞቱ። እነዚያ ቀናት እንዴት እንዳለፉ አላውቅም፤ ስልኬ ሲጮህ ባነሳሁት ቁጥር ሌላ ስም እሰማ ነበር።

ፍንዳታው እንዴት እንደተነሳ ልንገርሽ። የሥራሽ ትርጉም ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

ከሰሉን የሚቆርጠው ማሽን የሚሽከረከር ግዙፍ ከበሮ አለው። ከበሮው ላይ የብረት ጥርሶች ተተክለዋል። ጥርሶቹ አልቀው ነበር። ያለቀ ጥርስ ከከሰሉ አልፎ አሸዋማውን ድንጋይ ሲመታ ይግላል፣ ብልጭታ ያወጣል። ለዚህ ነው ከበሮው ላይ ውኃ የሚረጩ አፍንጫዎች የሚገጠሙት፤ ብልጭታውን ገና ሲወለድ እንዲያጠፉት። በዚያ ማሽን ላይ ግን አንዳንዶቹ አፍንጫዎች ወልቀዋል። በባዶው ቀዳዳ ውኃው ዝም ብሎ ይፈስሳል፤ ለሌሎቹ የሚደርሰው ግፊት ይወርዳል። ብልጭታው እዚያው አካባቢ የተጠራቀመ ሚቴን የሚባል ጋዝ አገኘ። ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ጣሪያ ሥር ነው የሚቀመጠው። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲይዝ እሳት ካገኘ ይፈነዳል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ትንሽ ነበር። ትልቁን ጉዳት ያደረሰው ብናኙ ነው። የከሰል ብናኝ ወለሉና ግድግዳው ላይ ተኝቶ ስታዪው ምንም አይመስልም። ትንሿ ፍንዳታ ግን ከተኛበት ታስነሳዋለች። አየር ላይ የተነሳው ብናኝ ይያያዛል፤ እሱ ደግሞ ከፊቱ ያለውን ያስነሳል። እንዲህ እየተቀባበለ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። ማሽኑ አጠገብ ያልነበሩ፣ ከሥራ ለመውጣት የሰርቪስ ተሽከርካሪ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ጭምር ሞቱ።

ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1906 ሰሜን ፈረንሳይ ኩሪየር ውስጥ 1,099 ሰዎች የሞቱበት ፍንዳታ የብናኝ ፍንዳታ ነበር። መድኃኒቱ ከዚያ ወዲህ ይታወቃል፤ ርካሽም ነው። የኖራ ድንጋይ ይፈጫል፣ ወለሉም ጣሪያውም ግድግዳውም ላይ ይነሰነሳል። ብናኙ ሲነሳ ዱቄቱም አብሮት ይነሳና ሙቀቱን ይውጠዋል፤ እሳቱ ይታነቃል። በደንብ የተነሰነሰ ዋሻ ነጭ ነው፤ በጭንቅላት መብራት ሲታይ ገና የተቀባ ቤት ይመስላል። አፐር ቢግ ብራንች ውስጥ ይህን ያህል ሰፊ ዋሻ ዱቄት እንዲነሰንሱ የተመደቡት ሁለት ሰዎች ነበሩ። እነሱም ሌላ ሥራ ይታዘዙ ነበር። ማሽናቸው ደግሞ እየተደፈነ ያስቸግራቸዋል።

እንግዲህ ልብ በዪ። ጥርሱን ማየት የአንድ ሰው ሥራ ነበር። አፍንጫ መቁጠርም፣ ጋዝ መለካትም፣ «እዚህ ዱቄት ያስፈልጋል» ብሎ መጻፍም እንዲሁ። ባለሙያ ጠፍቶ አልነበረም። የምስክር ወረቀት ያላቸው ፈታሾች በየፈረቃው ይገቡ ነበር። ታዲያ ምን ሆነ?

መርማሪዎቹ መዝገብ ሲሰበስቡ ሁለት ዓይነት አገኙ። አንደኛው ሕጉ የሚያዘው የፍተሻ መዝገብ ነው፤ ተቆጣጣሪም ሠራተኛም የሚያነበው። ሁለተኛው ኩባንያው ለራሱ የሚይዘው የምርትና የጥገና መዝገብ ነው። በሁለተኛው ላይ የተጻፉ አደገኛ ነገሮች በመጀመሪያው ላይ የሉም። ማለትም አለቆቹ ያውቃሉ፤ ጠዋት የሚገባው ሠራተኛ ግን አያውቅም። ይህ ብቻም አይደለም። አንድ ፈታሽ በእጁ ይዞት የሚዞረውን የጋዝ መለኪያ ለብዙ ቀናት እንኳን እንዳላበራው ከራሱ ከመሣሪያው ማስታወሻ ታወቀ። መዝገቡ ላይ ግን የጋዝ ልኬት ይሞላ ነበር። የመንግሥት ተቆጣጣሪ በር ላይ ሲደርስ ጥበቃዎቹ በሬዲዮ ወደ ውስጥ ይናገሩ ነበር፤ እሱ እስኪገባ ይስተካከላል። ከማዕድኑ ኃላፊዎች አንዱ፣ ማሽን እንዳያቆም የሚቴን መቆጣጠሪያው ሽቦ እንዲቀየር ማዘዙን ጭምር ፍርድ ቤት ላይ አምኗል።

ከላይ ደግሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዶን ብላንከንሺፕ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ለበታቾቹ በጻፈው ማስታወሻ፣ ከሰል ከማውጣት ውጭ ሌላ ሥራ ሥሩ ከተባላችሁ አትስሟቸው፣ ከሰሉን አውጡ የሚል ትእዛዝ ሰጥቷል። ሌላ ሥራ ብሎ ከጠራቸው ውስጥ ለአየር ማናፈሻ የሚሠሩ ግንባታዎች ነበሩበት። በ2015 የማዕድን ደህንነት ሕጎችን ሆን ብሎ ለመጣስ በማሴር ተፈረደበት፤ አንድ ዓመት ታሰረ። መንግሥትም ከወቀሳ አላመለጠም። የማዕድን ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ራሱን ሲመረምር ተቆጣጣሪዎቹ ማየት የነበረባቸውን እንዳላዩ አምኗል።

እዚህ ላይ «እነሱ መጥፎ ሰዎች ነበሩ» ብለሽ እንዳታልፊው። ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርሽ።

ፈታሽ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። የምሽት ፈረቃ ከመግባቱ በፊት አንድ የአየር መመለሻ መንገድ፣ ያገለገለው አየር ከዋሻው የሚወጣበትን፣ እየፈተሽኩ ነበር። ውኃ ተጠራቅሞ ጉልበቴ ደረሰ፤ ጫማዬ ሞላ። እስከ ጫፉ 60 ሜትር ያህል ቀርቶኛል። መብራቴን ወደዚያ አበራሁ፤ ምንም የለም። ተመለስኩ። መዝገቡ ላይ «አደጋ የለም» ብዬ ፈረምኩ። የሚቀጥለው ፈረቃ ፈታሽ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው፣ እስከ ጫፉ ሄደ። እኔ ከተመለስኩበት አለፍ ብሎ ጣሪያው አጎንብሷል፤ ጣሪያውን የሚይዙት ብሎኖች ሳህኖቻቸው ተጣጥፈዋል። ድንጋይ ሲከብድባቸው እንደዚያ ይሆናሉ። ሰው አልተጎዳም። ሽማግሌው አልጮኸብኝም። መዝገቡን ከፈተና ፊርማዬ ላይ ጣቱን አሳርፎ «እዚህ ቦታ ነበርክ?» አለኝ። አልነበርኩም። አለቃዬ ጋ ሄጄ የራሴን ጽሑፍ በራሴ እጅ አስተካከልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያልረገጥኩት ቦታ ላይ ፈርሜ አላውቅም።

በዚያ አገር ፈታሽ የደረሰበት ቦታ ላይ ስሙን በምህጻር፣ ቀኑንና ሰዓቱን በጠመኔ ይጽፋል። ዋሻው ግድግዳ ላይ ትንሽ የጠመኔ ጽሑፍ ታያለሽ። ከኋላ የሚመጣው ሠራተኛ እሷን ሲያይ «ሰው እዚህ ድረስ መጥቷል» ይላል። ፍተሻው ፈረቃው ከመጀመሩ በፊት ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ መደረግ አለበት፤ የትናንት ፍተሻ ለዛሬ አይሆንም። ጋዙ የሚለካው ከጣሪያው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው። ሚቴኑ 1 በመቶ ከደረሰ የኤሌክትሪክ ማሽኖቹ ይጠፋሉ፤ 1.5 በመቶ ከደረሰ ሰው ይወጣል። ፍንዳታው 5 ላይ ነው፣ እኛ ግን 1 ላይ እንቆማለን። ማናጀሮች «ገና 1 እኮ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። በ1ና በ5 መካከል ያለው ቦታ የሠራተኛው ነው፤ ለምርት የሚበደር አይደለም።

ጣሪያውን ደግሞ በብረት ዘንግ እንመታዋለን። ደህና ድንጋይ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ደወል እንደ መምታት ነው። የላላ ድንጋይ እንደ ባዶ በርሜል ይላል። እጅሽን ድንጋዩ ላይ አሳርፈሽ ብትመቺው ንዝረቱ ይሰማሻል። ይህን የትኛውም ፎርም አያስተምርሽም፤ ከጆሮሽና ከአሮጌ ሠራተኛ ነው የምትማሪው።

ሥልጣን ያለው ባለሙያ ምን ያህል ለውጥ እንዳመጣ ካልሽኝ ይኸውልሽ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1907 አንድ ዓመት ብቻ 3,242 የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ሞተዋል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ዌስት ቨርጂኒያ ሞኖንጋ ውስጥ በአንድ ቀን 362 አለቁ። በ2020 በአገሪቱ በሙሉ የሞቱት 5 ናቸው። እውነት ነው፣ የሠራተኛው ቁጥር በጣም ቀንሷል፣ ማሽኑም ተለውጧል። ግን በመሃል ሌላም ነገር ሆኗል። ተቆጣጣሪ በዓመት አራት ጊዜ የምድር ውስጥ ማዕድኑን በሙሉ የመፈተሽ ግዴታ ተጣለበት። አጣዳፊ አደጋ ካየ እዚያው ቆሞ ሰዎቹን የማስወጣት ሥልጣን ተሰጠው። ሠራተኛው አደጋ በመጠቆሙ እንዳይባረር ሕግ ወጣለት። ከእነዚህ ሕጎች አብዛኞቹ የወጡት ከትልልቅ አደጋ በኋላ ነው። የ1969ኙ ሕግ ከመውጣቱ በፊት በ1968 ፋርሚንግተን ላይ 78 ሰዎች መሞት ነበረባቸው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልምጣ፤ ደመወዝሽን የሚከፍልሽ ሰው ጉዳይ።

ቱርክ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ሕግ የሥራ ደህንነት ባለሙያ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ፈተና አለው፣ ደረጃ አለው። እንደ ማዕድን ላለ በጣም አደገኛ ሥራ ከፍተኛው ደረጃ ይጠየቃል። ባለሙያው ያየውን አደጋ በመዝገብ ጽፎ ለአሠሪው ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ በጣም ጥሩ ነው። ሕጉ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በሜይ 13 ቀን 2014፣ ሶማ የተባለው ማዕድን ውስጥ 301 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹን የገደለው እሳቱ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።

ይህን ጋዝ እኛም እናውቀዋለን። በክረምት በር ዘግተው ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው ጠዋት ያልተነሱ ሰዎችን ስንት ጊዜ ሰማን? «ከሰል መታቸው» እንላለን። ሶማ ውስጥ የመታቸውም እሱ ነው፤ የአየር ማናፈሻው ነፋስ ጭሱን ሰዎቹ ወዳሉበት ወሰደው። የባለሙያዎች ሪፖርት እንደሚለው፣ የጋዝ መለኪያዎቹ ከአደጋው በፊት በነበሩት ቀናት ከፍ ያለ ንባብ ያሳዩ ነበር። መለኪያው ለክቷል፤ የሚያስቆም ሰው ግን አልነበረም። በኋላ ፍርድ ቤት ከቀረቡትና ከተፈረደባቸው መካከል መሐንዲሶችም ነበሩበት።

የቱርክ ባለሙያዎች ከአደጋው በፊትም በኋላም የሚያነሱት ቅሬታ አንድ ነው። ደመወዜን የሚከፍለው ሰው ላይ እንዴት አድርጌ አደጋ ልጻፍበት? ጽፌስ ነገ ሥራ ይኖረኛል? ይህ የፈሪ ጥያቄ አይደለም። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው ባለሙያውን ብቻውን መውቀስ የማልወደው። ሕጉ «ጻፍ» ብሎ ካዘዘው፣ ስለጻፈ እንዳይባረርም መከላከል አለበት። ቱርክ ከሶማ በኋላ በ2015 የዓለም የሥራ ድርጅትን የማዕድን ደህንነት ስምምነት ቁጥር 176 አጽድቃለች። ያም ሆኖ በኦክቶበር 2022 አማስራ ላይ እንደገና ሚቴን ፈነዳ፤ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ።

እንግዲህ አንቺ ምን ታድርጊ?

መጀመሪያ ማናጀርሽን አንድ ወረቀት ጠይቂው። «ሴፍቲ ኦፊሰሯ አደጋ ስታይ ሥራውን ታስቆማለች፤ የሚቀጥለውም እሷ ስትፈርም ነው» የምትል፣ ማኅተም ያላት ግማሽ ገጽ። አትጣዪው፤ በሰላም፣ በሻይ ሰዓት ጠይቂው። «እኔ ሳስቆም እርስዎም ከተጠያቂነት ይድናሉ» በዪው፤ እውነትም ነው። እምቢ ካለ እምቢ ማለቱን ራሱ መዝግቢው። ተጠሪነትሽም ለምርት ኃላፊው ባይሆን ይመረጣል። በቶን የሚለካ ሰው ስለ ማቆም ሊወስንልሽ አይችልም።

መዝገብሽ ገጹ ቁጥር ያለው፣ ቅጂ የሚያስቀር ይሁን። አንዱ ቅጂ አንቺ ዘንድ ይቅር። «ጥንቃቄ ይደረግ» ብለሽ አትጻፊ፤ ማንንም አያስገድድም። «ከምሥራቁ እርከን አናት 4 ሜትር ወደ ኋላ፣ 11 ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ፤ ሥሩ ኤክስካቫተርና ሦስት ሰዎች አሉ፤ 2፡40 ላይ አስነስቻለሁ» ብለሽ ጻፊ። እንዲህ የተጻፈ ነገር ሰው እንዳላየ ሆኖ ሊያልፈው አይችልም። ደግሞ ሁለተኛ መዝገብ አይኑርሽ። ለጎብኚ የሚሆን፣ ለኦዲት የሚሆን የሚባል ነገር የለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታውን አሠሪው ላይ ጥሏል። ሠራተኛውም አደጋ የሚያስከትል ነገር ሲያይ እንዲያሳውቅ ያዛል። አዋጁን አትመሽ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጪ። አንዳንድ ክርክር ወረቀቱን ገልጦ በማሳየት ብቻ ያልቃል።

ከዚያ ደግሞ ሰዎቹን ስሚ። ገልባጭ መኪና የሚነዳው ልጅ መንገዱ የት እንደሚያንሸራትት ካንቺ ቀድሞ ያውቃል። የሌሊት ጥበቃው ድንጋይ ሲንከባለል ሰምቷል። ከሰል ክምሩ አጠገብ የሚውሉት ጠዋት ጠዋት እንፋሎት ሲወጣ አይተዋል፤ ክምሩ ከውስጥ እየጋለ ነው ማለት ነው፣ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። እነዚህ ሰዎች የማይነግሩሽ ስለማያውቁ አይደለም፤ ሲናገሩ ምን እንደሚመጣባቸው ስላላወቁ ነው። ሄልሜት ያላደረገውን ሠራተኛ ፎቶ አንስተሽ ከላክሽበት፣ ጣሪያ ሲሰነጠቅ አይነግርሽም።

«ቁፋሯችን ላይ ላዩን ነው፣ ጋዝ የለም፣ ምን ያስፈራል» የሚሉሽ ካሉ የቻይናውን ንገሪያቸው። በፌብሩዋሪ 2023፣ ውስጣዊ ሞንጎሊያ ውስጥ አንድ ክፍት የከሰል ማዕድን ገደል ተንዶ 53 ሰዎች ሞቱ። ዋሻ አልነበረም፤ ፀሐይ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። አገራችን ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚሆነውን ከሰል ከውጭ ከማስመጣት ይልቅ የራሷን መቆፈር በጀመረችበት በዚህ ጊዜ፣ ያውም ዝናብ በማያጣው ደቡብ ምዕራብ፣ ገደል ትልቁ ሥጋታችን ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ዋሻ መግባት የሚባለውን ነገር በተመለከተ አንድ ቃል። ሁለተኛ መውጫ ሳይኖር፣ የአየር ማናፈሻ ዕቅድ ሳይጸድቅ፣ የጋዝ መለኪያ ተገዝቶ በትክክል መለካቱ ሳይረጋገጥ፣ ማን ውስጥ እንዳለ የሚያሳይ የስም ሰሌዳ በሩ ላይ ሳይሰቀል አትፈርሚ። የድሮ ቁፋሮዎችን ካርታም ጠይቂ። በኦክቶበር 2014 ቱርክ ኤርሜኔክ ውስጥ ከድሮ ቁፋሮ የተጠራቀመ ውኃ ሰብሮ ገብቶ 18 ሰዎችን ገድሏል። ካርታ ከሌለ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቂ፤ ማን የት እንደቆፈረ ያስታውሳሉ። እና አንድ ነገር ለሁሉም አስተምሪ፦ የወደቀ ሰው ለማውጣት ማንም ዘሎ አይግባ። የውኃ ጉድጓድ ውስጥ አንዱ ታፍኖ ሲቀር፣ ሊያወጣ የገባው ወንድሙ፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ እየተከታተሉ ሲሞቱ በየገጠሩ አይተናል። ዋሻም ልክ እንደዚያው ነው።

አሁን ስለ ስንጥቁ የገባሁልሽ ቃል። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ችካል ትከይ፤ ፊት ለፊት ይተያዩ። ራሳቸው ላይ ምስማር ምቺ። በምስማሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ጠዋትና ማታ በሜትር ለኪ። ሁሌ አንቺው ራስሽ ለኪው፣ ሁሌ በዚያው ሰዓት። ስንጥቁ ረጅም ከሆነ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ እንዲሁ አድርጊ። ስትለኪ ብቻሽን አትሁኚ፤ ወደ ጫፉም አትጠጊ። ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ አስቆፍሪ፤ የስንጥቁን አፍ በሸክላ አፈር አስደፍኚ፣ ውኃ እንዳይጠጣ። ከባድ መኪና በአናቱ በኩል አይለፍ። ርቀቱ ባለበት ከቆየ ጥሩ፤ መለካትሽን ግን አትተዪ። ዛሬ 2 ሚሊ ሜትር፣ ነገ 3፣ ከነገ ወዲያ 6 እያለ ከፈጠነ ገደሉ ለመውረድ ወስኗል ማለት ነው። ያኔ ከሥሩም ከአናቱም ሰው አይቅር፤ ገመድ ዘርጊ፣ ጥበቃ አቁሚ፣ ማንንም አታስፈቅጂ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ልኬት ቀንና ሰዓት እየጻፍሽ ላኪልኝ። የገደሉን ቁመትና የስንጥቁን ርዝመትም ጨምሪበት፤ ፎቶ ካነሳሽ መጠኑ እንዲታየኝ አጠገቡ ሜትር አስቀምጪ። ቁጥሮቹን አይቼ እርከኑ ምን ያህል ወደ ኋላ መመለስ እንዳለበት አብረን እናሰላዋለን።